ጓንቱ ለማን እጅ ነው?

እስቲ አሁን ስልካችሁን የያዘውን እጃችሁን ተመልከቱት። አውራ ጣታችሁ ስክሪኑን ወደ ላይ ይገፋል። ሌሎቹ ስልኩ እንዳይወድቅ ደግፈው ይዘዋል፤ በቃ፣ ሥራቸው ይሄው ነው። ስልኩ ስለ እጃችሁ የሚያውቀው ስክሪኑን የነካችሁበትን ቦታ ብቻ ነው። ጥልፍ የሚጠልፍ፣ ክራር የሚቃኝ፣ ሹሩባ የሚሠራ፣ ኪስ ውስጥ ሳያይ ሳንቲምን ከቁልፍ የሚለይ እጅ ለስልኩ አንዲት ነጥብ ነው።

ይህን ክፍተት እንሞላለን ብለው ከተነሱት መሣሪያዎች አንዱ የጣት መከታተያ ጓንት ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአጭሩ ቪአር የሚባለውን መነጽር ያደረገ ሰው በዙሪያው የሚያየው በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ነው። ጓንቱን ሲያጠልቅ ደግሞ የራሱ ጣቶች እዚያ ዓለም ውስጥ ይገባሉ። እሱ ሲጨብጥ የዚያኛው እጅ ይጨብጣል፤ እሱ ሲጠቁም ያኛውም ይጠቁማል።

“ይሄ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ እኛን ምን አገባን?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ይህ ጓንት ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችል ነገር ሆኗል። ሁለተኛ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሲሠራና ሲረሳ የኖረው ብዙ ጊዜ “ለማን እጅ?” የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። ለመሥራት የምናስብ ካለን ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለብን።

ታሪኩን ባጭሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የቺካጎ ግቢ፣ ቶማስ ዴፋንቲ እና ዳንኤል ሳንዲን ሪች ሳየር ካቀረበው ሐሳብ ተነስተው “ሳየር ግሎቭ” የተባለውን ጓንት ሠሩ። አሠራሩ ያስገርማል፤ በጣቱ ላይ ተጣጣፊ ቱቦ አለ፣ በቱቦው አንድ ጫፍ መብራት፣ በሌላው ጫፍ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር። ጣት ሲታጠፍ ቱቦውም ይታጠፋል፣ የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፤ በዚያ ጣቱ ምን ያህል እንደታጠፈ ይታወቃል። በ1983 ደግሞ የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ጋሪ ግራይምስ የጣት ፊደል እያነበበ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ጓንት ፓተንት አገኘበት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ቶማስ ዚመርማን መጣ። ሰውየው የፈለገው የሌለ ጊታር በአየር ላይ እየመታ ድምፁ እንዲወጣለት ነበር። ሐሳቡ አድጎ ከጃሮን ላኒየር ጋር በቪፒኤል ኩባንያ በኩል በ1987 “ዳታ ግሎቭ” ሆኖ ወጣ። ዓለም ተደነቀ። ዋጋው ግን ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበረ የገዙት ላብራቶሪዎች ናቸው።

በ1989 ማቴል ኩባንያ ያንኑ ሐሳብ አርክሶ ለኒንቴንዶ ጨዋታ አቀረበው፤ “ፓወር ግሎቭ” ይባላል፣ ዋጋው 75 ዶላር አካባቢ። ማስታወቂያው ልጆችን አሳበደ። እጅ ላይ ሲገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእያንዳንዱን ጣት መታጠፍ የሚያነበው በአራት ደረጃ ብቻ ነበር። ትንሿ ጣት ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠረችም፤ ሴንሰር አልተደረገላትም። ለጓንቱ ተብለው የተዘጋጁት ጨዋታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በሌሎቹ ሁሉ ተጫዋቹ በተለመደው መቆጣጠሪያ በቀላሉ የሚያደርገውን በጓንቱ እየታገለ ያደርግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ቆመ።

እስቲ አስቡት፤ ያ ጓንት በወቅቱ ለነበረው ቴክኖሎጂና ዋጋ ትልቅ ሥራ ነው፣ መሐንዲሶቹም ሰነፎች አልነበሩም። የጎደለው ለጓንቱ የሚገባ ሥራ ነው። ጣቶቹን ለየብቻ የሚፈልግ ጨዋታ ከሌለ፣ ጣትን ለየብቻ የሚያነብ ጓንት ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። ዛሬ ጓንት ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። “ሉሲድ ግሎቭስ” የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ ንድፉም ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም አውርዶ መሥራት ይችላል። ሐሳቡ ሕፃን እንኳን ይገባዋል። መታወቂያ ካርድ የሚንጠለጠልበትን፣ ሲስቡት የሚረዝም ሲለቁት ተመልሶ የሚጠቀለል ገመድ ታውቁታላችሁ አይደል? የገመዱ ጫፍ ከጣት ጫፍ ጋር ይታሰራል፣ መጠቅለያው ከእጅ ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ጣት ሲታጠፍ ገመዱ ይሳባል፣ መጠቅለያው ይዞራል፣ ከሱ ጋር የተያያዘው ፖቴንሽዮሜትርም አብሮ ይዞራል። ፖቴንሽዮሜትር የምንለው በድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው፤ ሲዞር የኤሌክትሪክ መጠኑ ይለወጣል። ያንን ለውጥ ኢኤስፒ 32 የተባለች ትንሽ ቦርድ ከ0 እስከ 4095 ባለው ቁጥር ታነበዋለች፣ በኬብል ወይም በብሉቱዝ ወደ ኮምፒውተር ትልከዋለች። በቃ፣ ጣታችሁ ቁጥር ሆነች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጀማሪ ሁለት ነገር ልጠቁም። አንደኛው፣ “ከተበላሸ ቴፕ ላይ ፈትቼ እጠቀማለሁ” የምትሉ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ለድምፅ መጨመሪያ የሚሠሩት ፖቴንሽዮሜትሮች ብዙዎቹ እኩል በእኩል አይለወጡም፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው መጨረሻ ላይ ይፈጥናሉ፣ ምክንያቱም ጆሯችን ድምፅን የሚሰማው እንደዚያ ነው። ለጣት የሚያስፈልገው እኩል የሚለወጠው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው፣ አበው “አምስት ጣት እኩል አይደለም” ያሉት ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይሠራል። የአንዱ ጣት ቁጥር ከ600 እስከ 3100 ሲሄድ የሌላው ከ900 እስከ 2200 ብቻ ሊሄድ ይችላል። የእኔ እጅ ከእናንተ፣ የወንድማችሁ ከእህታችሁ ይለያል። ስለዚህ ጓንቱ በተጠለቀ ቁጥር ባለቤቱ እጁን አንዴ ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንዴ አጥብቆ ጨብጦ ለፕሮግራሙ ማሳየት አለበት። ፕሮግራሙ የየጣቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚያ ልክ ያነባል። ይህን የዘለለ ጓንት የሚሠራው ለሠሪው እጅ ብቻ ነው።

“ቆይ፣ ካሜራ እያለ ጓንት ለምን?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሊሸሽም አይገባም። የሜታ መነጽር ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ በራሱ ካሜራዎች ባዶ እጅን ይከታተላል። በ2024 የወጣው የአፕል ቪዥን ፕሮ ጭራሽ ያለ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ነው። የጉግል “ሚዲያፓይፕ” ደግሞ በተራ የስልክ ካሜራ እጅ ላይ 21 ነጥብ ለይቶ ይከተላል። ነፃ ነው። ታዲያ ጣቶቻችንን በገመድ ማሰር ምን ይባላል?

መልሱ ካሜራ የሚያየው የሚታየውን ብቻ መሆኑ ነው። ጀርባውን ወደ መነጽሩ ያዞረ ጡጫ ውስጥ ጣቶቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ካሜራው ይገምታል እንጂ አያይም። አንድ እጅ ሌላውን ሲሸፍን፣ እጅ ከጀርባ ሲሄድ፣ ክፍሉ ሲጨልም ይጠፋበታል። ጓንት ግን ጨለማም መጋረጃም አያግደውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካሜራ አይነካችሁም። እዚያ ዓለም ውስጥ ሲኒ ብታነሱ ጣታችሁ አየር ነው የሚጨብጠው። ጓንት ላይ ግን ገመዱን በትንሽ ሞተር ማገት ይቻላል፤ ሲኒው ጋ ስትደርሱ ጣታችሁ ይቆማል። የሉሲድ ግሎቭስ ኋለኛው ሞዴል ይህን ያደርጋል። ሀፕትኤክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በአየር የሚነፉ ጥቃቅን ከረጢቶችን በመቶ ቆጥሮ በእያንዳንዱ እጅ ላይ አድርጎ ንክኪን ለማሰማት ሞክሯል፤ ከጀርባ የሚታዘል የአየር መሣሪያ አለው፣ ዋጋውም ለጥንድ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

ደካማ ጎኑንም ልናገር። ተራ ጓንት ጣት መታጠፉን እንጂ እጁ ክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ አያውቅም፤ ለዚያ የመነጽሩን መቆጣጠሪያ አንጓ ላይ ማሰር ወይም ሌላ መከታተያ መጨመር ግድ ነው። ይሞቃል፣ ያልባል፣ ሴንሰሩ በእንቅስቃሴ ቦታውን ይስታል፣ ማጠብም ችግር ነው። ለተራ ጨዋታ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ካሜራው ይበቃል። ዛሬ ውድ ጓንቶችን የሚገዙት በአብዛኛው የአኒሜሽን ፊልም ሠሪዎችና የሮቦት እጅ የሚያሠለጥኑ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። እነሱ ለምን እንደሚፈልጉት ያውቃሉ።

እኛስ? እዚህ ጋ ነው ያቺን የያዛችሁልኝን ነገር የምመልሳት። በብዙ አገር ጓንት መሥራት የጀመረ ተማሪ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ “የምልክት ቋንቋን ወደ ድምፅ የሚተረጉም ጓንት እሠራለሁ!” ሐሳቡ ከመልካም ልብ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ጥሩ ዜናም ይወጣዋል፣ ሽልማትም ያስገኛል። በ2016 ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “ሳይንአላውድ” በተባለ እንዲህ ዓይነት ጓንት የ10 ሺህ ዶላር የለሜልሰን ኤምአይቲ ሽልማት አግኝተው ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ ግን መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ። ያሉት ነገር ግልጽ ነው። የምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ አይነገርም፤ ቅንድብ፣ አፍ፣ ትከሻ፣ የፊት ገጽታ ሁሉ ሰዋስው ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ጥያቄ የሚያደርገው የቅንድብ እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል፤ ጓንት ቅንድብ የለውም። ሌላው ደግሞ ይበልጥ ያማል። ጓንቱን የሚያጠልቀው፣ የሚያልበው፣ ባትሪ የሚሞላው መስማት የተሳነው ሰው ነው። የሚሰማው ሰው ምንም አይለብስም። ያኛው የተናገረው ለሰሚው ይደርሳል፤ ሰሚው የሚመልሰው ግን ለዚያኛው አይደርስም። ይሄ ውይይት ነው እንዴ?

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የአሜሪካው የጣት ፊደል እንኳን ጓንትን ያስቸግራል፤ “ዩ”፣ “ቪ” እና “አር” የሚባሉት ፊደላት ሦስቱም በተዘረጉ ሁለት ጣቶች ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ ጣቶቹ መገጣጠማቸው፣ መራራቃቸው ወይም መጠላለፋቸው ነው፤ መታጠፍን ብቻ የሚለካ ሴንሰር አይለያቸውም። የኢትዮጵያው የጣት ፊደል ደግሞ የራሳችንን ፊደል ጠባይ ይዞ የተሠራ ነው። የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት ይነግራል፤ “በ” ነው ወይስ “ደ” ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን የሚለየው ግን የእጁ እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ አምስት የጣት ሴንሰር ብቻ ያለው ጓንት አጥልቃችሁ በጣታችሁ “ዳቦ” ብትሉት “ደበ” ብሎ ያነባል። “ዱባ” ብትሉትም “ደበ”። ዳቦና ዱባ ለእሱ አንድ ናቸው! ከውጭ የተቀዳ ንድፍ እዚህ ሲመጣ የሚገጥመው ይሄ ነው። ቢያንስ አንጓ ላይ፣ ስልካችሁን ስታጋድሙት ስክሪኑ እንዲዞር የሚያደርገውን ዓይነት የእንቅስቃሴ ሴንሰር መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ የሚነግራችሁ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቪዲዮ ሳይሆን ቋንቋው የራሱ የሆነ ሰው ነው።

“ታዲያ ይቅር?” አይቅር። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሮይ አሌላ የተባለ ወጣት መሐንዲስ “ሳይንአይኦ” የተባለውን ጓንት የሠራው መስማት ለተሳናት ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ልጅ ብሎ ነው። ከላይ ያነሳሁት ነቀፌታ የእሱንም ጓንት አይምረውም። ግን ከአንዲት ከሚያውቃት ልጅ እጅ መነሳቱ በሥራው ላይ ይታያል፤ ልጆች ምልክት የሚያሳዩበት ፍጥነት እንደሚለያይ ተረድቶ፣ ከስልክ መተግበሪያው ላይ ፍጥነቱን ማስተካከል እንዲቻል አድርጓል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሳታዩ አይታሰባችሁም።

እኔ የማስበው ግን ሌላ መንገድ ነው። ጓንቱ ይተርጉም የሚለውን ትተን፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በቪአር ውስጥ እርስ በርስ ያውሩበት። ይህ የሕልም ወሬ አይደለም። “ቪአርቻት” በተባለው መገናኛ ውስጥ በምልክት ቋንቋ የሚያወሩ፣ የሚማማሩ ሰዎች አሉ። ችግራቸው ምን መሰላችሁ? በእጅ የሚያዙት መቆጣጠሪያዎች ብዙዎቹ ሁሉንም ጣት ለየብቻ አያሳዩም። ስለዚህ ሰዎቹ መሣሪያው በሚችለው ልክ ምልክቶቻቸውን ይለውጣሉ። አስቡት፤ ማሽኑ ስላልቻለ ሰው ቋንቋውን ሲቆራርጥ! ፓወር ግሎቭ የረሳትን ትንሿን ጣት የሚፈልግ ሰው ካለ እሱ እዚህ ነው ያለው። አምስቱም ጣት፣ መራራቃቸውም፣ እንቅስቃሴያቸውም የሚያስፈልገው እውነተኛ ባለጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው የእኔ ምክር እንዲህ የሚሆነው፤ የቪአር ጓንት የምትሠሩ ልጆች፣ የመጀመሪያ ፈታኛችሁን የምልክት ቋንቋ ተናጋሪ አድርጉት። የሽልማት ማመልከቻ ላይ ለመጻፍ ብላችሁ ግን እንዳይሆን። የሥራው ባልደረባ፣ ከክፍያ ካለ ተከፋይ፣ ስሙ ከሠሪዎቹ እኩል የሚጻፍ ይሁን። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ። ሄዶ ማንኳኳት ነው። ዳቦን ከዱባ የሚለይ ጓንት ለማንኛውም ጨዋታ፣ ለማንኛውም የሙያ ማሠልጠኛ ይበቃል። በተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ጓንት ለቋንቋ አይበቃም።

“መነጽሩስ የት አለ?” የምትሉኝ ልክ ናችሁ። በ2024 የወጣው ረከስ ያለው የሜታ ሞዴል እንኳን 299 ዶላር ነበር፤ ማስመጫውን ሳንጨምር ለአብዛኛው ተማሪ የማይታሰብ ነው። ግን ለመጀመር መነጽር አያስፈልግም። የጓንቱ ቁጥሮች በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ያለ የእጅ ምስልን ማንቀሳቀስ ይችላሉ፤ ስልክም በብሉቱዝ ሊያነባቸው ይችላል። ከባዱ ሥራ ያለው ጓንቱ ላይ ነው፤ መነጽሩ ሲገኝ ይደረሳል። መነጽሩን ከ20 ተማሪ አንዱ ክለብ ቢገዛው ይበቃል። ጓንቱን ግን እያንዳንዱ በእጁ ይሥራው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። የእጃችሁ እንቅስቃሴ የእናንተ ነው። በ2023 የወጣ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ጥናት ከ50 ሺህ በላይ የቪአር ተጫዋቾችን መዝገብ መርምሮ፣ የጭንቅላትና የእጅ እንቅስቃሴያቸውን ለ100 ሰከንድ ብቻ በማየት ማን ማን እንደሆነ ከ94 በመቶ በላይ በትክክል መለየት ችሏል። እጅ አኳኋኑ እንደ ፊርማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጓንት የምትሠሩ ሰዎች የምትሰበስቡትን ቁጥር የት እንደምታስቀምጡ፣ ለማን እንደምትሰጡ ከወዲሁ አስቡ። ነገ ደግሞ ሮቦት የሚያሠለጥን ኩባንያ የሸማኔን ወይም የጥልፍ ባለሙያን እጅ በጓንት መቅዳት ቢፈልግ፣ ያ የዓመታት ሙያ ነው፤ በነፃ የሚሰጥ አይደለም።

እንግዲህ የሚጀምር ካለ ከአንድ ጣት ይጀምር። አንድ ገመድ፣ አንድ ፖቴንሽዮሜትር፣ አንድ ቦርድ። ስክሪን ላይ አንድ ጣት ስትታጠፍ ያየ ሰው አምስቱንም መሥራቱ አይቀርም። አምስቱ ሲያልቁ ጓንቱን አውልቁና ለሌላ ሰው ስጡት፤ እጇ ትንሽ ለሆነች እህታችሁ፣ ጣታቸው ለደነደነ አያታችሁ፣ በጣቱ ለሚያወራ ጎረቤታችሁ። እነሱ እጅ ላይ ካልሠራ ገና አላለቀም ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀስ ብላችሁ እጆቹን ለኩ።

ቸር እንሰንብት።